መሬቱ ቀድሞ ነበር፦ ለሞዴል ባቡር እውነተኛ የሚመስል መልክዓ ምድር አሠራር

በሙያዬ የመንገድ ቀያሽ ነኝ። ቀን ቀን ዳገትና ቁልቁለት ስለካ እውላለሁ። ማታ ደግሞ 1 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ40 የሆነ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብዬ የጥፍር ታህል ድንጋይ ቀለም ስቀባ አመሻለሁ። ሁለቱ ምን ያገናኛቸዋል የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። እኔ ግን ለሞዴል ባቡር መሬት መሥራት የተማርኩት ከሥራዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእውነተኛው ዓለም ተራራው፣ ወንዙና ሜዳው ቀድመው ነበሩ። ባቡሩ የመጣው ኋላ ነው። መሐንዲሱ ያገኘውን መሬት እየቆረጠ፣ እየሞላ፣ አንዳንዴም እየዞረ ነው ሐዲዱን ያሳለፈው። እኛ ሞዴል የምንሠራ ሰዎች የምንጀምረው ግን ከሐዲዱ ነው። ሐዲዱን እንዘረጋና በተረፈው ባዶ ቦታ ላይ ተራራ እናስቀምጣለን። ተራራውም እንደተቀመጠ ያስታውቃል። ሥራው ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል መደበቅ ነው። የሚያይ ሰው "መሬቱ እዚህ ነበረ፣ ባቡሩ መንገድ ለምኖ አለፈ" እንዲል።

የምነግራችሁ ሁሉ እኔ የምሠራበትን 1:87 ልኬት (እውነተኛው ነገር 87 ጊዜ አንሶ ማለት ነው)፣ ኤች ኦ የሚባለውን ይዞ ነው። ኤን በሚባለው በ1:160 የምትሠሩ ቁጥሮቹን በግማሽ ገደማ ቀንሱ።

እስቲ ከቁጥር እንጀምር። በ1:87 አንድ ሰው ቁመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። 15 ሜትር የሚረዝም ዛፍ 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ብዙዎቻችን ዛፎቻችንን የምንሠራቸው የዚህን ግማሽ ነው፤ ለዚህ ነው ጫካችን የአትክልት ቦታ የሚመስለው። በሌላ በኩል አንድ ኪሎ ሜትር 11 ሜትር ተኩል ይወስዳል፤ መቶ ሜትር ከፍታ ያለው ትንሽ ኮረብታ ደግሞ ወደ 1 ሜትር ከ15 ይጠጋል። ይህን የሚችል ክፍል ያለው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ተራራን ሙሉውን ልሥራ አትበሉ። የተራራውን እግር ሥሩ። ጫፉ ከጀርባው ሥዕል ውስጥ ይግባ፣ ወይም ጨርሶ አይታይ። ባቡሩ የሚያልፈው በእግሩ በኩል ነው።

መሬት ከመሥራታችሁ በፊት ደግሞ እውነተኛ መሬት እዩ። ከቤት ወጥታችሁ፣ ቆማችሁ እዩ። ሮይ ኢንግላንድ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1925 ከአውስትራሊያ ወደ እንግሊዝ ሄዶ፣ የሣር ክዳን ያላቸው የገጠር ቤቶች አንድ በአንድ ሲጠፉ ሲያይ እነሱን በሞዴል ለማስቀረት ዕድሜውን ሰጠ። ኦክስፎርድሺር ውስጥ ያለው የፔንዶን ሙዚየም የእሱ ልፋት ውጤት ነው። እዚያ ያሉት ትንንሽ ቤቶች ከሐሳብ የመጡ አይደሉም፤ በእውን ከነበሩ ቤቶች የተወሰዱ ናቸው። እኔም በስልኬ ውስጥ ከቤተሰቤ ፎቶ የሚበልጥ የመንገድ ዳር ቁርጥ፣ የቦይ አፍና የወንዝ ዳር ፎቶ አለኝ። ምን ዓይነት ሣር ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንደሚወጣ ከአእምሮ የሚያወጣ ሰው የለም።

ከሐዲዱ በታች መውረድ

ሐዲዱን በቀጥታ ሳንቃ ላይ አትዘርጉ። መጀመሪያ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ፎም አንጥፉ፤ ለቤት ሙቀት መከላከያ የሚሆነውን ዓይነት። ሐዲዱ በእሱ ላይ ይሂድ። ጥቅሙ ወዲያው ይታያችኋል፤ ከሐዲዱ በታች መቆፈር ትችላላችሁ። ጅረት፣ ቦይ፣ ከመስመሩ ዝቅ ያለ ማሳ። መሬቱ ሁሉ ከሐዲዱ እኩል ወይም በላይ የሆነ ሞዴል መቼም እውነት አይመስልም። መሬት ለባቡር ብሎ ተደልድሎ አልጠበቀምና።

ፎሙን በረጅም ምላጭ ቁረጡት። በጋለ ሽቦም ይቆረጣል፣ ቆረጣውም ያምራል፤ ግን ጭሱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ። ስታጣብቁ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ማጣበቂያና የሚረጭ ቀለም ፎሙን ያቀልጠዋል። መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሩ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ሐዲድ ከፍ ባለ መሬት ሲያልፍ ቆረጣ ይኖራል፤ ዝቅ ባለ መሬት ሲያልፍ ሙሌት ይኖራል። በሞዴል ላይ በብዛት የማየው ስህተት የሙሌቱ ተዳፋት እንደ ግድግዳ ቀጥ ማለቱ ነው። የተሞላ አፈር ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ይናዳል። ለእያንዳንዱ 1 ከፍታ ቢያንስ 1.5 ወደ ጎን ስጡት። ሐዲዱ ከሜዳው 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ተዳፋቱ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን መሄድ አለበት። ቦታ ከጠበባችሁ ድጋፍ ግንብ ሥሩ፤ እውነተኛው መሐንዲስም ቦታ ሲያጣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጠንካራ አለት ውስጥ የሚያልፍ ቆረጣ ግን ቀጥ ሊል ይችላል። አፈር ተኝቶ፣ አለት ቆሞ። ይህችን ብቻ ብትይዙ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ከዚያ ውሃውን አስቡ። ዝናብ ቢዘንብ ውሃው በየት ይሄዳል? ሙሌቱ ሸለቆውን ከዘጋው ውሃው የሚሾልክበት ቱቦ ወይም ትንሽ ድልድይ ያስፈልጋል። በቆረጣው ግርጌ፣ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ፣ ቦይ ያስፈልጋል። ልጄ ሰባት ዓመቷ ላይ ሞዴሌን አይታ "ጎርፉ ሲመጣ ባቡሩ ይሰምጣል?" አለችኝ። ቱቦ የሌለው ረጅም ሙሌት ሠርቼ ነበር። እውነቷን ነው። በማግስቱ ፎሙን በስቼ ቱቦ አስገባሁ፤ ከአፉ ሥር ትንንሽ ድንጋይና ደለል አደረግሁ። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ በላይ የሚያየው ያንን ቦታ ነው።

ዋሻ የምትሠሩ ከሆነ፣ አፉን ከማጣበቃችሁ በፊት ያላችሁን ረጅሙን ፉርጎ አሳልፉ። ኩርባ ላይ የፉርጎው መሐል ወደ ውስጥ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ይወጣሉ። እኔ እርሳስ በፉርጎው ጎን በፕላስተር አስሬ ቀስ ብዬ እገፋዋለሁ፤ እርሳሱ የነካው ቦታ ሁሉ ይቆረጣል። ከዋሻው ጀርባ ደግሞ እጃችሁ የሚገባበት ክፍት ተዉ። ባቡር ከሐዲድ የሚወጣው ሁልጊዜ እጅ በማይደርስበት ቦታ ነው።

ድንጋዩ

ይህን ክፍል ስለምወደው ረዘም አደርገዋለሁ።

የፎሙን ቅርጽ ከጨረሳችሁ በኋላ በጀሶ ፋሻ ሸፍኑት። ለተሰበረ እጅ የሚታሰረው ዓይነት ነው። ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ አንጥፉና በጣታችሁ አለስልሱት። አለት የሚሆነውን ቦታ ግን ለብቻው ሥሩት። ፎይል ወረቀት ጨምድዱ። ከዚያ መልሳችሁ ዘርጉት፣ ግን ጨርሶ አታለስልሱት። ያ ጭምድዱ ነው የአለቱ ገጽ። ጀሶ በጥብጡ፤ ዱቄቱን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አታፍስሱ፣ ይጓጉላል። ፎይሉ ላይ አፍስሱትና ጠብቁ። መወፈር ሲጀምር፣ ማለትም ሲያዘነብሉት የማይፈስ ሲሆን፣ ከነፎይሉ አንስታችሁ ኮረብታው ላይ ለጥፉት። ኮረብታውን ቀድማችሁ በውሃ ማርጠብ አትርሱ፤ ደረቅ ጀሶ ከአዲሱ ጀሶ ውሃውን መጥጦ መያዝ ይከለክለዋል። ሲጠነክር ፎይሉን ላጡ።

አሁን ያለው ጊዜ አጭር ነው። ጀሶው እንደ ሳሙና የሚቀረፍበት ጥቂት ደቂቃ አለ። ቢላዋ ያዙና በቁራጮቹ መካከል ያለውን መጋጠሚያ ፋቁ፣ ስንጥቅ አስገቡ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አለት ንብብር አለው፤ ንብብሩም አቅጣጫ አለው። በቆረጣው በስተግራ ያለው አለት ትንሽ ወደ ሰሜን ካጋደለ፣ በስተቀኝ ያለውም እንደዚያው ማጋደል አለበት። ሐዲዱ ሳይመጣ አንድ አለት ነበሩና። ተመልካች ይህን በቃል አይነግራችሁም። ዓይኑ ግን ያውቀዋል።

የተረፈውን ጀሶ የውሃ መፍሰሻ ውስጥ አትድፉት። ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል።

ቀለሙ ሦስት ቀጫጭን የአክሪሊክ ውሃዎች ናቸው፦ የአፈር ቢጫ፣ ጥቁር ቡናማ፣ ጥቁር። ቀለሙ ከውሃው በጣም ያነሰ ይሁን፤ ብርጭቆ ውስጥ ስታዩት የቆሸሸ ውሃ ሊመስላችሁ ይገባል። መጀመሪያ ቢጫውን እዚህም እዚያም ነጠብጣብ አድርጋችሁ ከአለቱ ሲሶ ያህሉን ሸፍኑ። ከዚያ ቡናማውን በቀረው ነጭ ቦታ ላይ፣ ግን ሁሉንም ሳትሞሉ። በዚህ ሰዓት አለቱ የነብር ቆዳ መስሎ ያስደነግጣችኋል። ዝም ብላችሁ ቀጥሉ። በመጨረሻ ጥቁሩን ከላይ እስከ ታች አፍስሱበት። ጥቁሩ ነጠብጣቡን አንድ ላይ ያዋህደዋል፣ በየስንጥቁ ገብቶም ጥላ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ይህን ሳደርግ ብሩሹን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ጀሶ የነበረው ነገር ዓይኔ ሥር ድንጋይ ሆነ። ሲደርቅ ይነጣል፤ ስለዚህ ሳትቸኩሉ እስከ ማግስቱ ተዉትና ከዚያ ወስኑ። ከደረቀ በኋላ ብሩሽ በነጣ ግራጫ ቀለም ነክራችሁ ወረቀት ላይ ጠርጉት፤ ሊደርቅ ሲል የአለቱን ጠርዞች ብቻ ዳሰስ ዳሰስ አድርጉ። ፀሐይ የነካቸው ይመስላሉ።

አፈርና ጠጠር

ለአፈር ከእውነተኛ አፈር የተሻለ ነገር የለም። ደረቅ አፈር ውሰዱ፣ ነፍሳቱ እንዲሞቱ ምድጃ ውስጥ አድርቁት፣ በጣም ደቃቅ በሆነ ወንፊት ንፉት። ከዚያ፣ እባካችሁ፣ ማግኔት በስስ ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በአፈሩ ውስጥ አመላልሱ። እኔ ይህን ሳላደርግ ቀርቼ የምወደውን የባቡር ራስ አጥቻለሁ። አፈሩ ውስጥ ብረትነት ያላቸው ጥቁር ቅንጣቶች ነበሩ። የሞተሩ ማግኔት ሳባቸው፣ የማርሾቹ ጥርሶች መሐል ገቡ። መጀመሪያ ጩኸት ሰማሁ፣ ከሳምንት በኋላ ሞተሩ ቆመ። ፈትቼ ሳየው ውስጡ ጢም አብቅሏል።

የሐዲድ ጠጠር ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጠኑ ነው። እውነተኛው ጠጠር ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ1:87 ይህ ከ0.35 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ የሚበልጥ ሁሉ ባቡሩ ቋጥኝ ላይ የሚሄድ ያስመስለዋል። ሁለት ምርጫ ሲያቀርቡላችሁ ደቃቁን ውሰዱ።

ጠጠር ከማፍሰሳችሁ በፊት የሐዲዱን ጎን የዝገት ቡናማ ቀቡት። የሚያብረቀርቀው የላይኛው ገጽ ብቻ ይሁን። ከዚያ ጠጠሩን በሐዲዶቹ መካከል አፍስሱና ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ አሰራጩ። በብሩሹ እጀታ ሐዲዱን ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ፤ አግዳሚ እንጨቶቹ ላይ የቀረው ጠጠር ይወርዳል። የጠጠሩ ከፍታ ከእንጨቶቹ ትንሽ ዝቅ ይበል። በዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። ኮላ ከነካው በኋላ የሚስተካከል ነገር የለም።

ነጭ የእንጨት ኮላ አንድ እጅ፣ ውሃ ሁለት እጅ፣ አንድ ሁለት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። ሳሙናው ውሃው ጠጠሩ ላይ ድቡልቡል ሆኖ እንዳይቀር ያደርጋል። ግን መጀመሪያ ጠጠሩን በደንብ አርጥቡት፤ አልኮልና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ እንደ ጉም በሚረጭ ጠርሙስ፣ ከከፍታ። ከቅርብ ከረጫችሁት ጠጠሩን ይበትነዋል። ከዚያ ኮላውን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጠብ ጠብ አድርጉ። እንደ ነጭ ወተት ሆኖ በጠጠሩ መሐል ሲሰርግ ታዩታላችሁ። አንድ ቀን ሙሉ አትንኩት።

ሐዲድ መቀየሪያው ጋ ስትደርሱ እጃችሁን ሰብስቡ። ከሚንቀሳቀሱት ሐዲዶች ሥር ጠጠር አታድርጉ፤ ቦታውን ጥቁር ግራጫ ቀለም ቀብታችሁ እለፉት። ኮላ ወደዚያ ከሾለከ መቀየሪያው ይሞታል። እስኪደርቅም በየጥቂት ደቂቃው ወዲያ ወዲህ አንቀሳቅሱት። ሁሉ ከደረቀ በኋላ የሐዲዱን ላይ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉ፤ ኤሌክትሪክ የሚያልፈው በእሱ ነው።

የሚበቅለው ሁሉ

ሣር የሚተከለው በስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። ለዚህ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ ሣር የሚሆኑትን የናይሎን ክሮች ኃይል ያስይዛቸውና ኮላው ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ በፕላስቲክ ማበጠሪያ ጸጉር ስታበጥሩ እንደሚቆመው። አንድ ርዝመት ብቻ አትጠቀሙ። 2 ሚሊ ሜትሩ በ1:87 ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ ከብት የጋጠው ሣር። 4 ሚሊ ሜትሩ ጉልበት አይደርስም። 12 ሚሊ ሜትሩ ከ1 ሜትር ያልፋል፣ ውሃ ዳር የሚበቅለው ረጅሙ ሣር ነው። ቦይ ውስጥና ከድንጋይ ሥር ረጅሙን፣ ተዳፋቱ ላይ አጭሩን፣ ሰው በሚረግጠው ቦታ ምንም።

ቀለሙን በተመለከተ ከሳጥን የሚወጣው አረንጓዴ እጅግ አረንጓዴ ነው። ራቅ ብለን የምናየው ነገር ሁሉ በአየር ውስጥ ደብዘዝ ይላል። እኔ ለአንድ እጅ አረንጓዴ አንድ እጅ የደረቀ ሣር ቀለም እቀላቅላለሁ።

ለዛፍ ቀጭን ሽቦዎች አንድ ላይ ጠምዝዙ፤ ታችኛው ግንድ፣ ላይኛው እየተከፋፈለ ቅርንጫፍ። ጀሶና ኮላ ቀላቅላችሁ ልጣጩን ቀቡት። ቀለሙ ቡናማ አይሁን፤ የብዙ ዛፍ ግንድ ግራጫ ነው። ደቃቅ ክር ነገር ቅርንጫፉ ላይ ዘርጉ፣ የጸጉር ስፕሬይ ርጩበት፣ ለቅጠል የተፈጨ ስፖንጅ በትኑበት። ሰማይ በቅጠሉ መሐል መታየት አለበት። ከፊት የሚቆሙትን አሥር ዛፎች ተጠንቅቃችሁ ሥሯቸው፤ ከኋላ ያሉት ይህን ያህል ልፋት አይፈልጉም። እንዲያውም ከኋላ ያሉትን አነስ ብታደርጓቸው ርቀት ይፈጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ያረፈው አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ጆን አለን በዚህ ዘዴና በተደበቁ መስተዋቶች አንድ ክፍል ውስጥ ሰፊ አገር ያለ አስመስሏል። ጎሪ ኤንድ ዳፌቲድ ያለው ሞዴሉ ከሞተ ከጥቂት ቀናት በኋላ በእሳት ጠፋ፤ ፎቶዎቹ ግን እስከ ዛሬ የሰው መማሪያ ናቸው።

ውሃ

ወንዝ ለመሥራት ከሁሉ በፊት ቀለም ነው የሚያስፈልገው። መሐሉን ጥቁር ቡናማ ወይም ጥቁር አረንጓዴ፣ ዳሩን የአፈር ቀለም አድርጋችሁ አቀላቅሉት። ጥልቀቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከዚያ ታችኛውን ገጽ በኮላ ደጋግማችሁ ድፈኑት፤ ሁለቱን ጫፎችም ዝጉ። ውሃ የሚሆነው ኢፖክሲ ነው፤ ፈሳሽ ሆኖ ፈስሶ የሚጠነክር ብርሃን አሳላፊ ሙጫ። የመርፌ ቀዳዳ ታህል ካገኘ ሌሊቱን ወለላችሁ ላይ ያድራል። ኢፖክሲውንና ማጠንከሪያውን ሠሪው በጻፈው መጠን በትክክል ለኩ። በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አታፍስሱ። ጓንት አድርጉ፣ አየር ይኑር። ሲደርቅ ግን መስተዋት ይመስላል፣ ወራጅ ውሃ ደግሞ መስተዋት አይደለም። የሚያብረቀርቅ አክሪሊክ ጄል በላዩ ላይ በብሩሽ ጫፍ እያነሳችሁ ሞገድ አድርጉ። ድንጋይ ባለበት ሞገዱ ይሰበር፣ እዚያ ጋ ነጭ ነካ አድርጉበት።

ለጀርባው ሰማይ ከላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ወደ አድማሱ እየነጣ የሚሄድ። የግድግዳው ማዕዘን እንዳይታይ ሰሌዳውን ቀስ ብላችሁ አጥፉት። ቀለም የምትቀቡበት መብራት ሞዴሉ የሚታይበት መብራት ይሁን፤ በቀን ብርሃን የመረጥኩት አረንጓዴ በክፍሌ አምፖል ሥር ወደ ቢጫ ሲሄድብኝ አንድ ሙሉ ተዳፋት ደግሜ ሠርቻለሁ።

ሰዎቹን መጨረሻ ላይ አስቀምጡ። የሚሮጥ ሰው አትምረጡ፤ እንደሮጠ ይቀራል። የቆመ፣ የተቀመጠ፣ የሚጠብቅ ሰው ጥሩ ነው።

ሁሉም ሲያልቅ ስልካችሁን ሐዲዱ ዳር አስተኝታችሁ ፎቶ አንሱ፣ ከትንሹ ሰው ዓይን ከፍታ። ከላይ ስታዩት ያመለጣችሁ ሁሉ ይወጣል፦ የሚያብረቀርቅ ኮላ፣ ከመሬት ያልደረሰ የቤት መሠረት፣ በአየር ላይ የተንጠለጠለ ዛፍ። ትናንት ባነሳሁት ፎቶ ላይ ከቱቦው አጠገብ ያለው የስልክ እንጨት ወደ ወንዙ አጋድሎ አየሁት። ዛሬ ማታ አቀናዋለሁ።